እድፍ የማያልቅበት ገላ፦ ደሴ ውስጥ በአንዲት ሙሽራ ላይ የደረሰው

ደሴ ላይ የሴቶች የውበት ሳሎን ከከፈትኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ጸጉር ነበር። ገላን በእንፋሎት አርሶ፣ በጥቁር ሳሙና እያሹ የሚያጥቡበትን የሞሮኮ ባዝ ክፍል የጨመርኩት ቆይቼ ነው፤ ያስለመዱን ከአረብ አገር የሚመለሱት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን "ሊፋ አላችሁ? ጥቁሩ ሳሙናስ?" እያሉ ሲጠይቁኝ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሊፋ ገላ የሚፈገፈግበት ሻካራ ጓንት ነው። ኋላ ከአንዷ ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩና ጓዳውን ሴራሚክ አልብሼ፣ የእንፋሎት ማሽን ገዝቼ ጀመርኩ። ዛሬ የምጽፈው በዚያች ክፍል፣ በእኔ ኃላፊነት ስለተበላሸ አንድ ሥራ ነው። ልጅቷ ስሟ እንዳይነሳ እንጂ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች።

ዓርብ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዕድሜዋ 26 ነው። ሠርጓ ለእሑድ ጥር 25 ተቆርጧል። ቬሎዋ እጅጌ የለውም፤ ጭንቋ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ የክንዷ ቆዳ ብርድ እንደመታው ሰው ነጥብ ነጥብ ያለ ነው፤ ስትዳስሰው ይሻክራል። ክርኗና ጉልበቷ ጠቆር ይላል፤ ተረከዟ ተሰንጥቋል። ጥር ላይ ደሴ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ተረከዝ ያለው ሰው ካለ እሱ ከኮምቦልቻ የመጣ እንግዳ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ደረቅ ብርድ ቆዳን ያኮማትራል።

"እድፌ ተሟጦ እስኪወጣ ነው የምፈልገው" አለች። "አብሽሪ፣ እኔ አያመኝም።"

ሠራተኛዬ እንፋሎት ውስጥ 15 ደቂቃ አስቀመጠቻት፣ ጥቁሩን ሳሙና ቀብታ 10 ደቂቃ አቆየችና በሊፋ መፈግፈግ ጀመረች። እንደ ወትሮው ቢሆን መላ ገላ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የዚያን ቀን 45 ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያም የሚበዛው ትከሻና ክንድ ላይ። አንዴ ብቅ ብዬ አይቻለሁ። ግራጫ ጥቅልል፣ ልክ እጅ ላይ ደርቆ እንደሚፈረፈር ሊጥ፣ ከክንዷ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሠራተኛዬ "ይኸው፣ ገና ነው፣ አሁንም እየወጣ ነው" ትላለች፤ ሙሽሪት "ጨምሪልኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ የሰው ጸጉር ቀለም ነክሬ ስለነበር ተመልሼ ወጣሁ። ጥፋቱን ከሠራተኛዬ ይልቅ በራሴ ላይ የማደርገው ለዚህ ነው፤ አይቼ ነው የተውኩት።

ስትወጣ ክንዷ ያብረቀርቅ ነበር። "ሐር መሰልኩ" ብላ 1,500 ብር ከፍላ ሄደች። ማታ ሻወር ስትገባ ውሃው እንደ በርበሬ እንደፈጃት የነገረችኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ጥር 6 ጠዋት ነጠላዋን እስከ አንገቷ ተከናንባ መጣች። እናቷ አብረው ነበሩ። ነጠላውን ስትገልጠው ያየሁት አንድ ጉዳት አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ይህን ግን ያኔ አልለየሁትም።

ትከሻዋና የላይኛው ክንዷ የተወጠረ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ይመስላል፤ ያብረቀርቃል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስስ ቅርፊት ይነሳል፣ ጣቴን ሳስጠጋ ትሸሻለች። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት እንደ ፈረንጁ አይታይም፤ መጎዳቱን የሚናገረው ይሄ ብርቅርቅታና ማቃጠሉ ነው። ቀኝ እጇ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ እስከ ክርኗ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ወደ ክርኗ ሲጠጋ ለሁለት ይከፈላል፣ ዝናብ መስኮት ላይ ሲወርድ እንደሚሠራው። አንገቷ ሥር ደግሞ ሁለት የተነጠሉ ጠብታዎች አሉ፤ እነሱም ውሃ ቋጥረዋል።

ሳሙናውን ጠረጠርኩ። ላቀረበልኝ ሰው ደውዬ ተጨቃጨቅን፤ እሱም የወትሮውን እንጂ ሌላ አልሰጠሁሽም ብሎ ማለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ከዚያው ጣሳ በዚያው ሳምንት አምስት ሴቶች ታጥበዋል፣ አንዷም ተጎዳሁ ብላ አልመጣችም። ደግሞስ ሳሙናው መላ ገላዋን ነክቶ እያለ፣ ምን አድርጎ ነው መስመር መርጦ የሚያቃጥል?

"ከዓርብ ወዲህ ምን ነክቶሻል?" አልኳት። ወደ እናቷ አየች። ኋላ ቀስ ብላ አወጣችው። እሑድ ጠዋት ስልኳ ላይ ያየችውን ሞክራለች፦ ስኳርና ሎሚ። ቆማ ሁለት ሎሚ በቀኝ እጇ ጨምቃለች፤ ጭማቂው ከመዳፏ አምልጦ ወደ ክርኗ ወርዷል። በስኳሩ ትከሻዋንና አንገቷን አሸች፣ ተለቃለቀች፣ እጇን በፎጣ ጠረግ አደረገች። ከዚያ ጸጉሯን ታጥባ እስኪደርቅ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እስከ እኩለ ቀን ምስር ስትለቅም ቆየች።

መስመሩ የሎሚው መንገድ ነበር።

ሐኪሙ የጠየቀው

ወሎ ውስጥ የቆዳ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ያነሳል። እኛ ግን የዚያኑ ዕለት ቅርብ ወዳገኘነው የቆዳ ሐኪም ሄድን። ክንዷን አይቶ ገና ወንበር ሳይስብ "ሎሚ ነው ጤና አዳም?" አለ። ሁለቱም ይህን ያደርጋሉ ለካ። ሎሚ፣ በተለይ እኛ አገር የለመድነው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ፣ ልጣጩና ጭማቂው ውስጥ ፀሐይ ሲነካው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። ጤና አዳምም እንዲሁ። አለርጂ አይደለም፤ ለማንም ሰው ይሠራል። ጭማቂው ብቻውን ወይም ፀሐይዋ ብቻዋን ያን አታደርግም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ወዲያው አይታይም፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው ሲደርቅ ቡናማ መስመር ይተዋል፣ መስመሩም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የኛ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማታቃጥል ይመስለናል። እኛ ጥር ላይ ፀሐይ ፍለጋ ደጅ የምንወጣ ሰዎች ነን፤ ልጅቷም ምንም ያልተለመደ ነገር አላደረገችም።

የትከሻውን ሲያይ ወደ እኔ ዞረ። "ይሄን ማን ላጠው?" እኔ ነኝ አልኩ። የተናገረውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ዋናው ግን ሥራዬን የቀየረው ነው። ያ እየተንከባለለ የሚወርደው ጥቅልል እድፍ አይደለም። ከሳሙናው ጋር የተለወሰ የሞተ ቆዳ ነው። የላይኛው የሞተ ንብርብር ክንድ ላይ ቢበዛ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሉህ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ የወረቀትን አንድ አምስተኛ በሻካራ ጓንት 45 ደቂቃ ስትፈገፍግ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ቆዳ ከሥር አዲስ እየሠራ ወደ ላይ ይልካል፤ አንድ ዙር በወጣት ሰው 28 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ በዕድሜ እየዘገየ ይሄዳል። ያረጀው ሳናየው በራሱ ይረግፋል። ማሸት የሚያደርገው ሊረግፍ የደረሰውን ማገዝ ነው። ያልደረሰውን ስንነቅል ግን ውሃ የሚይዘውን፣ ጀርም የሚከላከለውን ክዳን ነው የምናነሳው። ሎሚው እሑድ ትከሻዋን ያንገበገባት ክዳኑ ስላልነበረ ነው።

ማመን አቃተኝና በራሴ ሞከርኩት። አንድ ቀን ግራ ክንዴን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሊፋ አሸሁ፤ በመካከል ምንም አልነካሁም፣ አቧራም አልነበረም። ሦስቱንም ጊዜ ጥቅልሉ ወጣ። ማታ ላይ ቆዳዬ ይለበልበኝ ነበር፣ "እድፉ" ግን አላለቀም። ሊያልቅም አይችልም፤ ገላው ራሱ ነዋ። እኛ ለዓመታት "እስኪያልቅ" እያልን የምንለካው በማያልቅ ነገር ነበር።

ሳሙናውም ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5 ነው፣ ለስላሳ አሲድ። እውነተኛ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። በእንፋሎት አርሰነው፣ በሳሙና አላልተነው፣ ከዚያ በሻካራ ጨርቅ። አንዱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም፤ መደራረቡ ነው።

የእናትየው ክንድ

ክንዷ ላይ ያለውን ነጥብ ነጥብ በተመለከተ የሆነውን ሳልጽፍ አላልፍም። ሐኪሙ "ይሄ እድፍም ብጉርም አይደለም፤ የጸጉር ቀዳዳ በራሱ የቆዳ ንጥረ ነገር ሲደፈን የሚመጣ ነው፣ በዘር ይሄዳል" ሲል እናቷ የጥበቡን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። ቁጭ ልጃቸውን። "ይኸ እኮ የኔው ነው" አሉ፤ ወደ ልጃቸው ዞረው "ለዚህ ነው ስትላጪ የከረምሽ?" ልጅቷ ሳቀችም አለቀሰችም። መፈግፈግ ይህን አያጠፋውም፤ አስቆጥቶ ያጠቁረዋል እንጂ። የኛ ዓይነት ቆዳ በተጎዳ ቁጥር ቀለም ያበዛል፤ ጠቆረብኝ ተብሎ የሚፈገፈግ ክርን ለመጥቆሩ አንዱ ምክንያት ራሱ መፈግፈጉ ነው።

ፊቷስ? ፊቷ የተረፈው በአጋጣሚ ነው፤ ዓርብ ዕለት ለሙከራ ሜካፕ ተቀብታ ስለመጣች አልነካነውም። ሐኪሙ የምትቀባውን ሲጠይቃት ስም የሌለው፣ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የማቅያ ክሬም ከዓመት በላይ እንደተጠቀመች ተናገረች። እንዲህ ያለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያሳሳ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ክሬሙን ይዛ እንድትመጣ፣ በራሷም በአንዴ እንዳታቆመው ነግሮ ለብቻው ተከታተላት። ያን ዕለት ፊቷንም በሊፋ አሽተነው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ ሌሊት እነቃ ነበር።

ሕክምናው ራሱ አጭር ነው። ለሁለት ሳምንት ሊፋ የለ፣ ስኳር የለ፣ ሽቶ ያለው ነገር የለ። ለብ ያለ ውሃ ብቻ፤ ሳሙና ከብብትና ከእግር ውጭ አይነካም። ገላዋ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን። ውሃ የቋጠረውን ማፍረጥ ክልክል ነው። ለክንዷ ለአምስት ቀን የሚቀባ መድኃኒት ሰጣት። ደጅ ስትወጣ እጅጌ።

ክርክሩ ቤት ውስጥ ነበር። እናቷ ከኅዳር ጀምረው ወይባ፣ ሙሽራ ጢሱን የምትሞቀውን እንጨት፣ አዘጋጅተዋል። ወሎ ውስጥ ሙሽራ ወይባ ሳትሞቅ መዳሯ ለእሳቸው የማይታሰብ ነው። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ፤ ቡና ላይ ደረስኩ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ጀመርኩ።

"እማማ፣ ጢሱን ትንሽ ብናቆየው ብዬ ነው" አልኩ።

"ወይባ ማንን አቃጥሎ ያውቃል? የኔን እናትም እኔንም ያሳመረ።"

"ወይባው አይደለም፣ ቆዳው ነው። ክዳኑ ተነስቷል፤ ሙቀቱን አይችለውም።"

ስኒያቸውን አስቀመጡና ያላሰብኩትን ነገር አሉኝ። "እኛኮ ጢስ ሞቀን ቅቤ ነው የምንቀባ። ማን ይፈገፍጋል? ወይባው የያዘው በራሱ ጊዜ ይለቃል። ልጄ፣ ይኸን መላጥ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት።"

መልስ አልነበረኝም። ወይባ የራሱ ጥንቃቄ እንዳለው አውቃለሁ፤ የተዘጋ ቤት፣ ጢስ፣ ነፍሰ ጡር ሴት። በዚህ ነገር ግን ሴትዮዋ ከእኔ ሰርተፊኬት የተሻለ ያውቁ ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፦ ቆዳው ከዳነ ጥር 20 ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ እግርና ወገብ ይሞቃል፣ ትከሻና ክንድ ከጋቢው ውጭ ይሆናል። እንዲያም ሆነ። ሙሽሪት ከደረቷ በታች ጋቢ፣ ትከሻና ክንዷ እራቁት ሆኖ ስትቀመጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅባት ዋለ።

ሠርጉ ደረሰ። ትከሻዋ ድኗል፣ መስመሩ ግን ቡና እንደፈሰሰበት ጨርቅ ጠቁሮ ቀርቷል። ልብስ ሰፊው ቬሎው ላይ ስስ እጅጌ ጨመረበት። ፎቶው ላይ አያስታውቅም፤ እኔ ግን የት እንዳለ ስለማውቅ ዓይኔ እዚያው ይሄዳል። 1,500 ብሩን መለስኩ፣ የሐኪሙንም ከፈልኩ።

ከየካቲት በኋላ

እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ከሠርጉ በኋላ ነው። ሐኪሙ ለክንዷ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ቅባት አዘዘ። እናቷ ስሙን ሲሰሙ "የስንዴውን ማዳበሪያ?" ብለው ተነሱ። ስሙም ነገሩም አንድ ነው፤ ቆዳ ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ የደረቀውን ቅርፊት ያላላል። ለቆዳ የሚሆነው ግን ተጣርቶ፣ ተመጥኖ በቅባት የተዘጋጀው ነው፤ ከማዳበሪያው ጆንያ እንዳይዘገን ብዬ ሁለቴ አስጠንቅቄአለሁ፣ ቀልድ አልነበረም።

ቅባቱ በየማታው። በሳምንት አንዴ ደግሞ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ በትንንሹ ክብ እየዞረ፣ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ደቂቃ ቢበዛ። ጨርቁ በእጅ ብቻ ነው የሚዞረው፣ የክንድ ጉልበት አይጨመርበትም፤ ሠራተኛዬን ያስተማርኳት የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ አድርገሽ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያው ቅባት። ላክቲክ አሲድ ወይም ግላይኮሊክ አሲድ ያለው ቅባትም እንዳለ ሐኪሙ ነግሯታል፤ እነሱ ሳይፈገፍጉ የሞተውን ሴል የሚያላቅቁ ናቸው። አሲዱ ባለበት ሳምንት ግን ጨርቁ ይቀራል፣ የፀሐይ መከላከያ ደግሞ የግድ ነው፤ ቆዳው ለፀሐይ ይሳሳልና። ሎሚም አሲድ ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የሎሚ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ ለቤት የሚሸጡት ቅባቶች 3.5 እና ከዚያ በላይ እንዲሆኑ ነው የሚመከረው፣ መጠናቸውም ይታወቃል። ሎሚ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ያ የፀሐዩ ጣጣም አለበት።

ተረከዟ የዚያን ዓርብ ብቸኛ ስኬት ነበር። እዚያ የሞተው ንብርብር ከክንድ ብዙ እጥፍ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ይችላል። 10 ደቂቃ በለብታ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቀስ ብሎ በድንጋይ ማሸት፣ ቫዝሊን፣ ካልሲ አድርጎ መተኛት። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ድንጋይ እንዳይነኩ እመልሳቸዋለሁ፤ ሳይሰማቸው ይቆስላሉ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ክንዷ ለስልሷል፤ ነጥቦቹ ግን አልጠፉም፣ ቅባቱን ስትተው ይመለሳሉ። የአንገቷ ጠብታዎች ሚያዝያ ላይ ጠፉ። የክንዷ መስመር እስከ ሰኔ ቆየ፤ አሁን አንጓዋ ላይ አንድ ጣት የምታህል ጥላ ብቻ ቀርታለች። ክርኗ ብዙም አልነጣም። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ስልክ የምታይ ሰው ናት፣ እኔም ተስፋ አልሰጠኋትም።

ክፍሏን አልዘጋሁም። ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅያለሁ፤ ሊፋው መላ ገላ ላይ 10 ደቂቃ፣ ፊት ላይ በፍጹም። ከመግባታቸው በፊት ፊታቸውን ምን እንደሚቀቡ፣ ጸጉር በሰም የተነቀሉት መቼ እንደሆነ፣ ቁስል ወይም ሽፍታ እንዳለ እጠይቃለሁ። ሠርግ ያላት ከሆነች ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ትመጣለች፣ ያውም ለመሞከር። ሲወጡ "ዛሬና ነገ ሎሚ የለም፣ ፀሐይ የለም" እላለሁ።

በዚህ የተነሳ ደንበኛ ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ከሐይቅ ከተማ የመጡ እናት ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛዬ ጓንቱን ስታወልቅ ክንዳቸውን በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ጥቅልሏን አሳዩኝ። "ይኸው፣ ገና ነው። ገንዘቤን ከፍዬ እድፌን ይዤ ልሂድ?" አሉ። ገላዎ ነው እማማ፣ እድፍ አይደለም ብል አላመኑኝም። ግማሹን ዋጋ ቀነስኩላቸው፤ እያጉረመረሙ ለበሱ።